አሮጌዋን ሞተር የገዛሁ ጊዜ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ካጋጠመኝ ምክር ሳልሰጠው አላልፍም። አልጠየቀኝም? ግድ የለም፣ እሰጠዋለሁ። የኔ እውቀት ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ በትከሻዬ እየገፋሁ ያገኘሁት ነው። በዕድሜዬ የገዛሁት ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እኔ፣ እሷ በአንድ ዓመት ተኩል ያስተማረችኝን ያህል ለማንም አላስተማርኩም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ከጎጃም በጂኦግራፊ መምህርነት ሐረር ተመደብኩ። ሐረር ስባል ከተማው መሃል መስሎኝ ሻንጣዬን በደስታ ጠቀለልኩ። ትምህርት ቤቱ ለካ ከከተማው ውጭ፣ ድሬ ጠያራ የሚባል ገጠር ነው። ስሙ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው ብለውኛል። እኔ ግን በእግሬ ነበር የምሄደው። ቤት የተከራየሁት ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጠዋት ከዚያ ተነስቼ፣ የጭነት መኪና ካዘነልኝ ተሳፍሬ፣ ካላዘነልኝ አቧራውን ጠጥቼ፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ተማሪዎቹ የሰልፉን መዝሙር ጨርሰው ክፍል ገብተዋል። ሁለት ጊዜ ሲያጋጥመኝ ዳይሬክተሩ ጠርቶኝ፣

«ጓድ መምህር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈድክ የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ደብዳቤ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ማርፈድ የሚባል ጥፋት እዚያ ውስጥ ሲገባ ስሙ ይለወጣል፤ «ከአብዮቱ ጉዞ ወደ ኋላ መቅረት» ይሆናል። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል። ፋይሉ ካንተ ቀድሞ በሄድክበት ሁሉ ይደርሳል። እሱ አያረፍድም።

ስለዚህ ሞተር ልግዛ አልኩ።

ሐሳቤን መጀመሪያ የነገርኩት የሒሳብ መምህር ለሆነው ጓደኛዬ ለታደለ ነው። ታደለ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ስለማያውቀው ነገር ሲናገር የሚያስፈራ እርግጠኝነት አለው። ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝ። «አንደኛ፣ ጎማውን በእግርህ ምታ። ሁለተኛ፣ የጭሱን ቀለም እይ። ሦስተኛ፣ ሻጩ የሚነግርህን በሁለት አካፍል።» ሦስቱንም በቃሌ ያዝኩ። ጎማውን ከመታሁ በኋላ ምን ማየት እንዳለብኝ ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሁለተኛዋ አማካሪዬ አከራዬ ናቸው፤ አይ ሩቂያ። በሐረሪ «አይ» እናት ማለት ነው። ይህን ከማወቄ በፊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በራቸው ላይ ቆሞ «አይ! አይ!» ሲል ስሰማ፣ እኚህ ሴትዮ ምን ቢለምኑት ነው ሰው ሁሉ እንቢ የሚላቸው እያልኩ ሆዴ ይባባ ነበር። አይ ሩቂያ ስለ ሞተር ስነግራቸው ከሚሰፉት ሙዳይ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣

«ልጄ፣ ሰፊ ነው ጠባብ?» አሉኝ።

«ገና አላየሁትም፣ አይ።»

«መንገዱንስ አይተኸዋል አይደል? እንግዲህ መጀመሪያ መንገዱን ለካ፤ ከዚያ ሞተሩን ለካ፤ ከዚያ ኢንሻአላህ ግዛ።»

በልቤ ሳቅኩ። ስለ ሞተር ሰው ስለ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ስለ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ስለ ወርድ የሚጠይቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሻጩን ያገኘው ታደለ ነው። አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ፤ ከጀጎል ውጭ፣ አያቶቻቸው በሠሩት ቤት የሚኖሩ፣ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላም የሚሉ ጨዋ ሽማግሌ። ሞተሯን ከግቢያቸው ሲያወጧት ሁለት ጊዜ ዞርኳት። ሌላው ሞተር ስትቀመጥበት እንደሚሰግድ ሰው ያጎነብስሃል፤ ይህቺ ግን ወደ ኋላ ደልደል አድርጋ ታስቀምጥሃለች። ረጅም ናት፤ ዝቅ ያለች ናት፤ ወንበሯ የሰርግ ቤት ሶፋ ነው። መሪዋ እንደ ሰንጋ ቀንድ ግራና ቀኝ ተንሰራፍቷል። የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታዋ ላይ ፊቴን አየሁ፤ ከመስታወት ይልቅ እዚያ ላይ አምሬ ነበር።

ጎማውን መታሁ። ጎማው ምንም አላለም። ጭሱን አየሁ፤ ቀለሙ የጭስ ቀለም ነው። የቀረው ሦስተኛው ነበር።

«አቶ ወንድይፍራው፣ እንደው እውነቱን ይንገሩኝ፤ መንገድ ላይ ታስቸግራለች?»

አቶ ወንድይፍራው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። የመዝገብ ቤት ሰው ቃል አያባክንም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ገፍቻት አልነሳም ያለችኝን አንድ ቀን አላስታውስም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ድረስ አደንቀዋለሁ። አንዲት የውሸት ቃል የለባትም። በሁለት ባካፍላትም ግማሿ እውነት ናት፣ ሌላኛዋ ግማሽም እውነት ናት። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት «አልነሳም ብላ አታውቅም» የሚለውን ብቻ ነው። ገበያውን እስከ ዳር ዞርኩባት፤ ድምጿ እንደ ከበሮ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሊብሬውን ተቀበልኩ። ታደለ ከኋላዬ ተፈናጦ፣ «ምክሬ እንዴት ነው?» እያለ በጆሮዬ እየጮኸ ፈላና በር ደረስን።

እዚያ ወረደ፤ እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማለቴ፣ መግባት ጀመርኩ።

ጀጎልን የማታውቁ ካላችሁ፣ መተላለፊያዎቹ ለሰው፣ ለአህያና ለወሬ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ያዞራል። እኔ እንደ ሹም ደረቴን ነፍቼ፣ ነጭ የተቀባውን ግንብ ግራና ቀኝ እያየሁ ቁልቁል ስወርድ፣ መጠምዘዣው ጋ «ቅርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የመሪዋ የቀኝ ጫፍ በአንዱ ግንብ፣ የግራው በሌላው ግንብ ላይ ተሰክቷል። ወደ ፊት ብላት እንቢ። ወደ ኋላ ልጎትታት ስል የኋላ ጎማዋ ከአንዲት የድንጋይ ደረጃ ወርዶ ኖሮ አይወጣም። ልውረድ ብል ለእግሬ ቦታ የለም። ሶፋዬ ላይ ደልደል ብዬ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከፊት ለፊቴ እንጨት የጫነች አህያ መጣች፤ ከኋላዋ ባለቤቷ፣ ከገጠር እንጨት ልትሸጥ የመጣች ሴት። አየችኝ። ግንቡን አየችው። እንደገና አየችኝ።

«አቦ፣ እለፍ እንጂ!»

«አልችልም፤ ተይዣለሁ።»

«እንግዲያው ወደ ኋላ ተመለስ።»

«ወደ ኋላም አትሄድም።»

አህያዋን አንገቷን ይዛ «ተመለሺ» ስትላት፣ አህያዋ አራት እርምጃ በሥርዓት ወደ ኋላ ሄደች። ሴትዮዋ አህያዋን አይታ እኔን አየችኝ። ገብቶኛል።

ሰው ተሰበሰበ። ከየበሩ አንገት ወጣ። አንዱ ሳሙና ቀቧት አለ። ሌላው ግንቡን ትንሽ እንፋቀው አለ። በዚህ መሃል አይ ሩቂያ ደረሱ። አልሳቁም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው መጀመሪያ መንገዱን፣ ከዚያ መሪዋን ለኩ።

«ግንቡ የአያቶቻችን ነው፤ አይነካም» ብለው ፈረዱ። «ጥፋተኛው ሰፊው ነው። እሱን አቁሙት።»

ስድስት ወንዶች «ቢስሚላህ» ብለው እኔን እንደ ጆንያ አውርደው፣ ሞተሯን በኋላ ጎማዋ አቁመው በጎን አዞሯት። ሁለት ክንዶቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ምሕረት እንደሚለምን ሰው፣ በአንድ እግሯ እየተራመደች አይ ሩቂያ ግቢ ገባች። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጠች። አይ ሩቂያ የታጠበ ልብስ አሰጡባት። «ማሻአላህ፣ ለዚህስ ጥሩ ነው፤ ሰፊ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን እነዚያው ስድስት ሰዎች እንደገና ተለምነው አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ ማደሪያዋ ከፈላና በር ውጭ፣ አንድ ጋዝና ክብሪት ሻጭ ደጅ ሆነ።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። ዋናው ነገር የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው።

ሰኞ ጠዋት ፀጉሬን ነፋስ እያበጠረው ወደ ድሬ ጠያራ ስበር፣ አንዲት ትንሽ መስጊድ ያለችበት መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳል አለችና ጠፋች። ወረድኩ። ቤንዚን አልቆ ይሆን ብዬ የጋኑን ክዳን ከፍቼ አየሁ፤ ሞልቷል። ዘጋሁ። ገፋሁ። ጥቂት እንደገፋሁ ግርርር ብላ ተነሳች። አቶ ወንድይፍራው እውነታቸውን ነው አልኩ። በማግስቱም እዚያው መታጠፊያ ላይ ጠፋች። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ዘጋሁ፣ ገፋሁ፣ ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ማሳው ላይ የነበሩ አንድ አባወራ መጡና አብረውኝ ገፉ። ሲጨርሱ፣

«እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ሰው ተቀብረዋል፤ ሰላም ሳትላቸው ነው የምታልፈው» አሉኝ።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ የዲያቆን ልጅ። ሆኖም ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ስደርስ በቀኝ እጄ አማትባለሁ፣ በአንገቴ ደግሞ ወደ መስጊዷ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ፣ በግራ እጄ መሪ እይዛለሁ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያደርግ አይታችሁ እንደሆነ እኔ ነበርኩ። ሞተሯ ግን ሰላምታዬን ተቀብላ ትጠፋለች። ስመለስ ደግሞ በሌላ ቦታ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ትጠፋለች፤ እዚያ የሚሳለሙት ስለሌለ ዝም ብዬ እገፋለሁ። ጋራዥ ወሰድኳት፤ እሳት የምትረጨውን ካንዴላ ቀየሩልኝ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ቤንዚን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶሯን አጠቡልኝ። ጋራዥ ውስጥ ቆማ ስትሠራ እንደ ሙሽራ ጨዋ ናት።

በዚህ ላይ ነው ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው የተባለው። ጓድ አስራት ይባላሉ። ስማቸው ሲጠራ ዳይሬክተሩ እንኳ ከረባቱን ይነካ ነበር። አንድ መምህር ክፍል ውስጥ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያስተምር አይተው ሙሉ ገጽ ጽፈውበታል ይባላል። በዚያን ቀን ከሌሊት ልብሴ በቀጥታ ወደ ሱሪዬ ዘልዬ፣ ከሁሉ ቀድሜ ከቤት ወጣሁ። ሞተሯ መታጠፊያው ላይ ጠፋች። ይህን ቆጥሬ ነበር። ያልቆጠርኩት የሸሚዜ እጅጌ በጥቁር ዘይት መጨማለቁንና ስገፋ ጫማዬ አፉን መክፈቱን ነው።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ግራጫ ካኪ የለበሱ፣ ረጅም፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ሰዓታቸውን እያዩ ቆመዋል። ከጎናቸው ዳይሬክተሩ ቆሟል፤ ደብዳቤው በዓይኑ ላይ ተጽፏል። ሞተሯን አቁሜ፣ ጥቁር እጄን ከኋላዬ ደብቄ፣ «እንደምን አደሩ ጓድ ኢንስፔክተር» አልኩ።

ጓድ አስራት ሰላምታዬን አልመለሱም። እኔንም አላዩኝም። ሞተሯን ነበር የሚያዩት። ከፊት ጎማዋ ጀምረው እስከ ማርሚታዋ በዓይናቸው ሄዱ። ከዚያ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ክፍል ግባ» አሉኝ፤ ይኸው ነው።

ስለ አባይ ተፋሰስ አስተማርኩ። ጓድ አስራት ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ብዕራቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ገባር ወንዝ ይጠፋብኛል። ደወል ሲደወል ወደኔ መጡና፣

«ከተማ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጀጎል ነው የምኖረው።»

«መኪናው ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ታደርሰኛለህ።»

ይህ ጥያቄ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ለምን ፈገግ እንዳለ እስካሁን አልገባኝም። ጓድ አስራት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከኋላዬ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ጸሎት ላይ ነኝ። እግዚአብሔር ሆይ፣ ዛሬን ብቻ፤ ነገ እንደፈለገች ትጥፋ። ዳገቱ ሲጀምር ጓድ አስራት ትከሻዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ዳር ያዝ» አሉ። «አሁን ትጠፋለች።»

ሳል አለች። ጠፋች።

ዞሬ አየኋቸው። ጓድ አስራት ወርደዋል። ካኪ ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው ቦርሳቸው ላይ አኖሩ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። የጋኑን ክዳን ከፈቱ፣ አዩ፣ ዘጉ። ሁሉንም የሚያደርጉት ቅዳሴ እንደሚያውቅ ቄስ ነው። ከዚያ ከኋላ ሆነው ሁለት እጃቸውን ወንበሯ ላይ አስቀመጡና፣

«አንተ መሪውን ያዝ» አሉኝ። «እኔ ሁለት ዓመት ገፍቻታለሁ፤ የት እንደምትያዝ አውቃለሁ።»

«ጓድ... የርስዎ ነበረች?»

«ለወንድይፍራው የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አልዋሸኝም፣ እኔም አልዋሸሁትም። ‹ስትገፋ ትነሳለች› አልኩት።»

ሳቅ መጣብኝ። ኢንስፔክተር ፊት መሳቅ አይቻልም ብዬ ስታገል፣ ከኋላዬ እሳቸው ቀድመው ፈነዱ። ሁለታችንም ሞተሯን ተደግፈን እየሳቅን መቆም አቃተን። ያስፈሩኝ የነበሩት ሰው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ስለ ሞተሯ ያላቸውን ትምህርት አስረዱኝ። «ይህቺ ሞተር» አሉ፣ «ኩሩ ናት። የተቀመጠባት ሰው ወርዶ ላቡን ሲያፈስላት ካላየች አትሠራም። ጋራዥ አትውሰዳት። ትዕግሥት ነው መድኃኒቷ። እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ድሮ በጣም ቁጡ ነበርኩ።» ድሮ እንዴት ቢሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሪፖርታቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረሰ። ስለ ማርፈድ የሚል ቃል የለበትም። «መምህሩ ያጋጠመውን የትራንስፖርት ችግር በራሱ ጥረትና በትከሻው እየተወጣ የሚገኝ» ይላል። «በትከሻው» የሚለው ቃል ለምን እንደገባ ዳይሬክተሩ ደጋግሞ አንብቦ አልገባውም። ሁለተኛው ዓመቴ ሲያልቅ በዚሁ ሪፖርት ከተማ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። አሁን ሞተር አያስፈልገኝም። መሸጥ አለብኝ።

የአቶ ወንድይፍራውን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ለማዘጋጀት ሁለት ቀን ደከምኩ። አይ ሩቂያ ሲሰሙ ሙዳያቸውን አስቀመጡ።

«ወላሂ፣ በኔ ቤት የሚኖር ሰው ዕቃ ሲሸጥ ነውሩን ይናገራል። ካልሆነ ልብሱን ይዞ ይወጣል።»

ልብሴን ይዤ መውጣት አልፈለግኩም።

ገዢዋ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ጽጌ፣ ለድሬ ጠያራ ክሊኒክ አዲስ የተመደበች፣ ቀጭን፣ ጥያቄ የማታባክን። ፈላና በር ሞተሯ አጠገብ ቆመን፣ አይ ሩቂያም ለምስክርነት መጥተው፣ እንደ ንስሐ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። መታጠፊያውን፣ ዳገቱን፣ ጋራዦቹን፣ ከኔ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ሰዎች። የበሽተኛ ታሪክ እንደምትሰማ ሆና ሰማችኝ።

«ስትጠፋ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ቤንዚን መኖሩን አያለሁ። ክዳኑን እከፍታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እገፋለሁ፤ ትነሳለች።»

«ክዳኑን ሳይከፍቱ ገፍተዋት ያውቃሉ?»

አሰብኩ። «አላውቅም።»

«ክዳኑን ከፍተው ሳይገፉስ አስነስተዋት ያውቃሉ?»

ይህንንም አሰብኩ። አይ ሩቂያ በጉጉት ፊቴን ያያሉ። «አላውቅም» አልኩ፤ ድምፄ ቀነሰ።

ሲስተር ጽጌ ክዳኑን ፈታችና ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። መሃሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ በአቧራና በዝገት ተደፍናለች። ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች። አንድ ጊዜ ወጋችው፤ አዞረችው፤ እፍ አለችበት።

«ግሉኮስ ስንሰቅል» አለችኝ በትሕትና፣ «ጠርሙሱ ላይ ለአየር ሌላ መርፌ እንሰካለን። አየር ካልገባ ግሉኮሱም እንደ ቤንዚንዎ ትንሽ ይወርድና ይቆማል። በሽተኛውን ብንገፋው አይወርድም።»

ከዚያ ብሩን ቆጥራ ሰጥታኝ፣ ቁልፉን ተቀብላ ልትሞክራት ሄደች። መንገዱን በልቤ ተከተልኳት፤ አሁን መታጠፊያው ጋ ደረሰች፣ አሁን ጠፋች፣ አሁን ትገፋለች። ድሬ ጠያራ ደርሳ ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ሞተሯ እንደ ከበሮ ትመታለች፤ የሲስተር ጽጌ ነጭ ነጠላ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ የለችም። ሞተሯ እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም።

«ሲስተር» አልኩ፣ «እንደው ሳስበው፣ መሸጡን...»

«ያሰቡት ትንሽ ዘግይተው ነው» ብላ ሊብሬውን ከእጄ ላይ ለስለስ አድርጋ ወሰደችው። አይ ሩቂያ ከተገናኘን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጓድ አስራትን ያገኘኋቸው አንድ ሻይ ቤት ነው። ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። ዙሪያቸውን ወጣት መምህራን ይዘው፣ ስለ ትዕግሥት ያስተምራሉ፤ ምሳሌያቸው ሞተሯ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዳገት እንዴት እንደገፏት፣ እንዴት ቁጣቸውን እንዳበረደችው፣ እንዴት ሌላ ሰው እንዳደረገቻቸው ይናገራሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኸው ምስክሬ! በል ንገራቸው፤ ያለ መግፋት ትነሳ ነበር?»

የመርፌዋ ነገር አፌ ላይ ደረሰች። ሁለት ዓመት፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ላብ፣ እፍ በሚያህል ነገር። ጓድ አስራት ብርጭቋቸውን እንደያዙ ይጠብቁኛል።

«በጭራሽ» አልኩ፣ ወንበር ስቤ እየተቀመጥኩ። «መገፋት አለባት።»